«ሌተናንት» መቶ አለቃ አይደለም፦ የባሕር ኃይል መኮንኖችን ማዕረግ እንዴት እንደምተረጉም

ለገጣፎ የዳያስፖራው ቤት የበዛበት ሰፈር ስለሆነ፣ ከልደትና ከጋብቻ ወረቀት ቀጥሎ ወደ ትርጉም ጠረጴዛዬ የሚመጣው ከአሜሪካ የተላከ ውክልና ነው። አንዳንዱ የወታደር ነው፤ ወይ ወካዩ ራሱ መኮንን ነው፣ ወይ ፊርማውን ያረጋገጠው የባሕር ኃይል የሕግ መኮንን ነው። ከፊርማው ግርጌ ሦስት ምሕጻረ ቃላት በነጠላ ሰረዝ ተለያይተው ይሰለፋሉ። የመጀመሪያዋ ባለ ሁለት ፊደል «ኤል ቲ» ናት፣ ሌተናንት ማለት ነው፤ ቀጥሎ የሕግ ኮር (የሕግ መኮንኖቹ ክፍል)፣ በመጨረሻ የአሜሪካ ባሕር ኃይል። ሥራው የሚበላሸው በዚያች ባለ ሁለት ፊደል ነው።

መዝገበ ቃላቱ ሌተናንትን «መቶ አለቃ» ይለዋል። ለምድር ጦር ልክ ነው፤ ለባሕር ኃይል ግን ሰውየውን አንድ እርከን ዝቅ ማድረግ ነው፣ የባሕር ኃይሉ ሌተናንት ከሻምበል ጋር እኩል ነውና። «ካፒቴን» ሻምበል ተብሎ ሲተረጎም ጉዳቱ ይብሳል፤ የባሕር ኃይል ካፒቴን በእርከኑ ኮሎኔል ስለሆነ ሦስት ደረጃ ይወርዳል። እኔም በመዝገበ ቃላት ብቻ እየሠራሁ ሁለቱንም ተሳስቻለሁ። የማዕረግ እኩያዎች ሠንጠረዤን እንደ አዲስ የሠራሁት ከሕጉ ተነስቼ ነው።

ሕጉ የአሜሪካ ሕጎች ስብስብ ርዕስ 10፣ ስለ ጦር ኃይሎች የሚደነግገው ነው። መጀመሪያ ያነበብኩት የትርጓሜውን ክፍል፣ ክፍል 101ን ነበር፤ በዚያ ባልጀምር ኖሮ የቀረው አይገባኝም ነበር። እኛ በአንድ «ማዕረግ» የምንጠቀልለውን ሕጉ ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ በሕግ የተቋቋመ ደረጃ ነው፤ ደመወዝ፣ ዕድገትና ጡረታ የሚታሰቡት በእሱ ነው። ሌላው ማን ከማን ይቀድማል የሚለው ቅደም ተከተል ነው። ሁለቱንም «ማዕረግ» ብዬ ስተረጉም ዐረፍተ ነገሩ ራሱን ይቃረን ነበር፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን «እርከን»፣ ሁለተኛውን «ቀዳሚነት» ብዬ ቆረጥኩ። ሰውየው የሚጠራበት ቃል ደግሞ «መጠሪያ» ሆነ። «ሹመት» የሚለውን ቃል መኮንንነትን ለሚሰጠው ሥልጣን ለብቻው አስቀመጥኩት፤ ለሌላ ነገር አላውለውም።

ሠንጠረዡ ራሱ በክፍል 741 ተሠርቶ ተቀምጧል፤ መገመት አያስፈልግም። ከታች ወደ ላይ፣ የባሕር ኃይሉ ከምድር ጦሩ ጋር እኩል ሲደረግ፦ ኤንሳይን ከምክትል መቶ አለቃ፣ ሌተናንት ጁኒየር ግሬድ ከመቶ አለቃ፣ ሌተናንት ከሻምበል፣ ሌተናንት ኮማንደር ከሻለቃ፣ ኮማንደር ከሌተና ኮሎኔል፣ ካፒቴን ከኮሎኔል፣ ሪር አድሚራል የታችኛው አጋማሽ ከብርጋዴር ጄኔራል፣ ሪር አድሚራል ከሜጀር ጄኔራል፣ ቫይስ አድሚራል ከሌተና ጄኔራል፣ አድሚራል ከጄኔራል። አሥር መስመር ነው፤ የክፍያ እርከናቸውም ከኦ-1 እስከ ኦ-10 በዚሁ ቅደም ተከተል ይሄዳል። ወረቀቱን አሳትሜ ከጠረጴዛው መስታወት ሥር አድርጌዋለሁ፤ መብራት ቢጠፋም ይነበባል።

የአማርኛ አንባቢ የሚደናገረው ግን ከሠንጠረዡ ውጪ ነው። «ኮማንደር» ሲባል እዚህ አገር ቶሎ የሚታሰበው ፖሊስ ነው፤ «ካፒቴን» ሲባል ደግሞ አውሮፕላን አብራሪ ነው። የባሕር ኃይሉ ካፒቴን እጅጌ ላይ አራት ጥብጣብ መኖሩ፣ የአየር መንገዱ ካፒቴንም አራት መያዙ ነገሩን አያቀልም። ስለዚህ መጠሪያውን ብቻውን አልተወውም፤ «የባሕር ኃይል» የሚለውን ቃል ሁልጊዜ አስቀድማለሁ። «የባሕር ኃይል ኮማንደር» ያለ ሰው ፖሊስ አይመስለውም።

ከሠንጠረዡ ክፉው መስመር ሰባተኛው ነው። ባለ አንድ ኮከቡም ባለ ሁለት ኮከቡም በአፍ «ሪር አድሚራል» ይባላሉ። በጽሑፍ ምሕጻረ ቃላቸው ይለያያል፤ የታችኛው በመጨረሻው ላይ «ኤል» አለበት። «አጋማሽ» የሚለው ቃል የመጣው ከድሮው አሠራር ነው፦ ሪር አድሚራሎች በቀዳሚነት ተሰልፈው ለሁለት ይከፈሉ ነበር፣ የታችኛው ግማሽ የብርጋዴር ጄኔራል ደመወዝ እየተከፈለው ሁለት ኮከብ ያደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ሥራ ላይ የዋለው የመኮንኖች አስተዳደር ሕግ «ኮሞዶር አድሚራል» የሚባል እርከን ፈጠረ፤ ብዙም ሳይቆይ «ኮሞዶር» ብቻ ተባለ፤ በ1985 አሁን ያለውን ስም ያዘ። ስለዚህ በነዚያ ጥቂት ዓመታት የተጻፈ ወረቀት ላይ ኮሞዶር ካገኛችሁ ባለ አንድ ኮከብ እርከን ነው። በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ኮሞዶር ዛሬም ባለ አንድ ኮከብ ደረጃ ነው፤ እዚያ የታችኛው አጋማሽ የሚባል ነገር የለም።

ቁጥሩም ያታልላል። የአሜሪካው ኦ-3 በኔቶ አቆጣጠር ኦኤፍ-2 ነው፣ ምክንያቱም ኔቶ ሁለቱን የመጀመሪያ እርከኖች በአንድ ኦኤፍ-1 ሥር ያስገባል። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ በአንድ ይቀንሳል፤ የባሕር ኃይል ካፒቴን ኦ-6 ሲሆን ኦኤፍ-5 ነው። የእንግሊዝ ወረቀት ላይ 5 አይቶ ከአሜሪካው ኦ-5 ጋር ያገናኘ ሰው ኮሎኔሉን ሌተና ኮሎኔል ያደርገዋል። ቁጥር ከመገልበጣችሁ በፊት ፊደሎቹን ቁጠሩ።

መኮንን የሚመስሉ መኮንን ያልሆኑ አሉ። «ፔቲ ኦፊሰር» ውስጥ ኦፊሰር የሚል ቃል ቢኖርም የበታች ሹም ነው፤ «ቺፍ» ቢጨመርበትም እንደዚያው። ሚድሺፕማን ዕጩ መኮንን ነው፣ ገና ሹመት የለውም። የመርከብ አዛዥ ደግሞ እርከኑ ሌተናንት ኮማንደርም ቢሆን በመርከቡ ላይ «ካፒቴን» ተብሎ ይጠራል፤ ይህ የልማድ አጠራር ስለሆነ በሕጋዊ ሰነድ ውስጥ አላስገባውም።

በተቃራኒው ደግሞ የባሕር ኃይል መጠሪያ ይዘው ባሕር ኃይል ያልሆኑ አሉ። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት የደንብ ልብስ ያለው የመኮንኖች ኮር አለው፤ ሐኪሙ፣ ነርሱና ፋርማሲስቱ «ሌተናንት ኮማንደር»፣ «ካፒቴን» ይባላሉ፤ የሚተዳደሩት ግን ስለ ሕዝብ ጤና በሚደነግገው ርዕስ 42 ነው። የኛ ልጆች በጤናው ሙያ ብዙ ስለሆኑ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ምሕጻረ ቃሉ መጨረሻ ላይ የሕዝብ ጤና አገልግሎት የሚል ካለ «የባሕር ኃይል» ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ የሰውየውን መሥሪያ ቤት ለወጣችሁ ማለት ነው።

አሁን ስለ ሹመቱ። በመደበኛው ባሕር ኃይል ከኤንሳይን እስከ ሌተናንት ያለውን የመጀመሪያ ሹመት ፕሬዚዳንቱ ብቻውን ይሰጣል፤ ከሌተናንት ኮማንደር ጀምሮ የሴኔቱ ምክርና ስምምነት ያስፈልጋል፤ ይህ በክፍል 531 አለ። ለተጠባባቂ መኮንኖች መስመሩ ከፍ ይላል፦ እስከ ኮማንደር ፕሬዚዳንቱ ብቻ፣ ከዚያ በላይ ሴኔቱ ይጨመራል። የሹመት ደብዳቤ ስተረጉም ሴኔት የሚለው ቃል አለመኖሩ ጉድለት መስሎኝ ነበር፤ እርከኑን ሳይ ግን መኖር አልነበረበትም። ለእኛ አንባቢ የሚቀርበው ምሳሌ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 71 ነው፤ ከፍተኛ ወታደራዊ ማዕረጎችን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት የሚሰጠው ፕሬዚዳንቱ ነው። ሆኖም «ከፍተኛ ወታደራዊ ማዕረግ» የሚለውን አባባል ወደ አሜሪካው ሰነድ አላሻግርም፤ እዚያ መስመሩ የተሰመረው ሌላ ቦታ ነው።

ሦስትና አራት ኮከብ፣ ማለትም ቫይስ አድሚራልና አድሚራል፣ የሰውየው ሳይሆን የወንበሩ ነው ማለት ይቻላል። በክፍል 601 መሠረት ፕሬዚዳንቱ የኃላፊነት ቦታውን ለይቶ መኮንኑን በሴኔት ስምምነት ይሾማል፤ ቦታውን ሲለቅ፣ አዲስ ምደባ በመጠበቅ ላይ ከሆነ እስከ 60 ቀን ከሚሰጠው ጊዜ በቀር፣ ወደ ቋሚ እርከኑ ይመለሳል። ስለዚህ «ቫይስ አድሚራል ሆነው ተሹመዋል» ብቻ ብሎ መተው ጎዶሎ ነው፤ የትኛው ቦታ ላይ እንደሆነ አብሮ ይተርጎም።

ዕድገት ላይ ዋናው ወጥመድ በክፍል 777 የተፈቀደው ነገር ነው፦ ለዕድገት የተመረጠ መኮንን ቀኑ ሳይደርስ የሚቀጥለውን እርከን ምልክት እንዲያደርግ ይፈቀድለታል። ለምሳሌ ለኮማንደርነት የተመረጠውን ሌተናንት ኮማንደር ሰው ኮማንደር ብሎ ይጠራዋል፣ ደመወዙና ቀዳሚነቱ ግን የሌተናንት ኮማንደር ነው። ለዚህ በአማርኛ የተዘጋጀ ቃል ስላጣሁ «የኮማንደር ምልክት ቀድሞ እንዲያደርግ የተፈቀደለት» ብዬ እዘረዝራለሁ። ይረዝማል፣ ነገር ግን «ያደገ» ብሎ ማሳጠር ሐሰት ነው። ጥርጣሬ ሲኖር የቆይታ ጊዜውን አሰላለሁ፦ በኤንሳይን ቢያንስ 18 ወር፣ በጁኒየር ግሬድ 2 ዓመት፣ ከሌተናንት እስከ ኮማንደር በእያንዳንዱ 3 ዓመት ነው። በወረቀቱ ላይ ያሉት ቀኖች ከዚህ ያነሱ ከሆኑ ወይ ልዩ ፈቃድ አለ፣ ወይ እኔ ቀን ተሳስቻለሁ። እስካሁን ሁለተኛው ነበር።

ወደ ትርጉሙ ሳወርደው በስሙ መስመር ላይ የምጽፈው «የባሕር ኃይል ሌተናንት» ብቻ ነው። እኩያውን፣ ማለትም «እርከን ኦ-3፣ በምድር ጦር ሻምበል» የሚለውን፣ በግርጌ «የተርጓሚው ማብራሪያ» ብዬ እለያለሁ። ማብራሪያን ከስም ጋር ያቀላቀለ ትርጉም ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም፤ ባለጉዳዩም ከመስኮት ይመለሳል። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲሆን አደጋው ይገለበጣል፦ «ሻምበል» የሚል የአንድ የቀድሞ የባሕር ኃይል ባልደረባ ወረቀት በደፈናው «ካፒቴን» ከተባለ፣ አንባቢው ኮሎኔል አድርጎ ያነበዋል። እዚያ ላይ አማርኛውን በድምፁ ጽፌ እኩያውን ከግርጌ አስቀምጣለሁ።

የአሜሪካ ወታደር የስንብት ወረቀት፣ ዲዲ 214 የሚባለው፣ ሥራ ያቀልላል። 4ኛው ሣጥን ለሁለት ተከፍሎ በአንዱ መጠሪያው፣ በሌላው የክፍያ እርከኑ ስላለ ሁለቱን ከሠንጠረዡ ጋር ማመሳከር ነው፤ ካልገጠሙ አልፈርምም። በ12ኛው ሣጥን የክፍያ እርከኑ የጸናበት ቀን አለ፤ አጻጻፉ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ነው። 2019 09 01 የሚለው መስከረም 1 አይደለም፣ ጥር 9ም አይደለም፤ ነሐሴ 26 ቀን 2011 ነው። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን እጽፋለሁ፤ የፈረንጁን እ.ኤ.አ. እያልኩ።