ስምንት ሲደመር ስምንት

መገናኛ አካባቢ ስልክ ሻጭ ነኝ። ሥራ ስጀምር ደንበኛ ሁለት ነገር ብቻ ነበር የሚጠይቀኝ፦ «ኦርጅናል ነው?» እና «መጨረሻው ስንት ነው?» ለመጀመሪያው «አዎ» ካልኩ አለቀ። ዋናው ክርክር ሁለተኛው ላይ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ገቡ። ልጁ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «16 ጂቢ ራም» የሚል ስልክ አወጣሁላቸው። ራም ማለት ስልኩ በሰዓቱ የሚሠራበትን ነገር የሚይዝበት ፈጣን ሜሞሪ ነው። «እናቴ፣ በዚህ ዋጋ 16 ራም የትም አያገኙም» አልኩ አፌን ሞልቼ።

ልጁ አልተከራከረኝም። ካርቶኑን ገልብጦ የሞዴሉን ቁጥር በእናቱ ስልክ መፈለግ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ወንድም፣ ይሄ እኮ 8 ነው» አለኝ።

«ካርቶኑን አንብበዋ!»

አነበበው። ጮክ ብሎ። ለካ ከትልቁ 16 ሥር ጉንዳን በምታክል ፊደል «8+8» ተብሏል። ስንቱን ካርቶን ስሸጥ አንድም ቀን ልብ ብዬ አላየሁትም። ወይ ማየት አልፈለግኩም።

ከዚያ ሰቲንግ ውስጥ ገብቶ የራም ማስፋፊያውን አጠፋው። ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ 8 ብቻ ቀረ። ሌላው 8 ፎቶና ፋይል ከሚቀመጥበት ከስቶሬጁ የተበደረ ነው፤ ስቶሬጅ ደግሞ ራም ተብሎ ቢጻፍበትም እንደ ራም አይሮጥም።

እናትየው ስልኩን ቀስ አድርገው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። «ልጄ፣ ሳታውቅ ነው ወይስ አውቀህ?» አሉኝ።

የትኛውን ብመልስ እንደሚሻለኝ ጠፋኝ። እነሱ ሲወጡ ሌላ ስልክ ሲያይ የነበረ ሰውዬም ተከትሏቸው ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ካርቶኖቹ ላይ በማርከር «ራም 8» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ «ገበያ ልትዘጋብኝ ነው?» ብሎ ተቆጣ። ግን ደንበኛው ቴሌግራም ላይ ዋጋ አነጻጽሮ፣ ቲክቶክ ላይ ስልኩ ሲፈታ አይቶ ነው የሚመጣው። ሱቅ የሚገባው ለመዳሰስ ነው። ድሮ አንድ ሰው *#06# ደውሎ የሚመጣለትን ባለ 15 አሃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር (IMEI) ከካርቶኑ ጋር ሲያስተያይ «አታምነኝም እንዴ?» ብዬ እኮርፍ ነበር። አሁን እኔው ደውዬ አሳያለሁ።

ኢንተርኔት ያየ ሁሉ ልክ ነው ማለት ግን አይደለም። ባለፈው አንዱ የያዝኩትን ጋላክሲ ኤስ21 «ፎርጅድ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ስናፕድራገን መሆን ነበረበት» ብሎ ሱቁን ቀወጠው። ያየው ቪዲዮ የአሜሪካውን ነው። የኔው የአውሮፓው ነው፤ ሞዴሉ በ«ቢ» ያልቃል፣ ፕሮሰሰሩም ኤግዚኖስ 2100 ነው። ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ሆነን ሁለቱንም ፈለግን። አንዴ የሱን ስልክ፣ አንዴ የኔን ያያል። ዝም አለ። ከዚያ የራሱን ስልክ ኪሱ ከተተና፣

«እሺ፣ መጨረሻው ስንት ነው?» አለኝ።