ማታ ማታ ጥድ እተክላለሁ

ሰሞኑን ከሥራ ስመለስ ማይንክራፍት የሚባለውን የቪዲዮ ጨዋታ ከፍቼ ጫካ እገባለሁ። ሌላው ሰው ቤተ መንግሥት ይገነባበታል፣ ከጭራቅ ጋር ይዋጋበታል። እኔ ጥድ እተክላለሁ፤ ጨዋታው ስፕሩስ የሚለውን። ያስጀመረኝ የእህቴ ልጅ ነው። አሁን እሱም ተስፋ ቆርጦብኛል።

አንድ ችግኝ ለብቻው ከተተከለ ቀጭን፣ ተራ ዛፍ ይሆናል። አራቱ በካሬ ተጠጋግተው ሲተከሉ ግን ተጋጥመው አንድ ግዙፍ ዛፍ ያወጣሉ። ግንዱ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ነው፣ ቁመቱ ወደ 30 ሜትር ሊደርስ ይችላል። የአጥንት ዱቄት ሲነሰነስበት በአንዴ ቱር ብሎ ይወጣል። ዙሪያው ያለው ሣር ደግሞ ወደ ቡናማ አፈር ይለወጣል፤ ፖድዞል ይሉታል። ይሄ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በሰሜን አገሮች የጥድ ደኖች ሥር በእርግጥም ያለ አሲዳማ አፈር ነው። ጨዋታውን የሠራው ሞያንግ የስዊድን ድርጅት ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚያስበው እዚያ ጫካ ውስጥ ያደገ ሰው ይመስለኛል።

ቅጠሉም እልኸኛ ነው። ኦክ የሚባለው ሌላው የጨዋታው ዛፍ ቅጠሉ እንደ አየር ንብረቱ ይወይባል፣ ይለመልማል። ጥዱ የትም ብተክለው ያው ጥቁር አረንጓዴ ነው።

ደሜን የሚያፈላው አቆራረጡ ነው። እዚያ ዓለም ዛፍ ከሥሩ ቢቆረጥም አይወድቅም፤ የላይኛው ግንድ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የእህቴ ልጅ የደረሰበትን ብቻ ቆርጦ እብስ ይላል።

«አንተ ልጅ፣ ጨርሰው እንጂ!»

«አክስቴ ደግሞ፣ ጌም እኮ ነው!»

እኔ ግንዱን ዙሪያውን እየፈለፈልኩ ደረጃ ሠርቼ አናቱ ላይ እወጣለሁ። ከዚያ እየቆረጥኩ እወርዳለሁ። ግንዱ ሲያልቅ ቅጠሉ በራሱ ጊዜ እየረገፈ አልፎ አልፎ ችግኝ ይጥላል። ለቃሚዋ መቼም እኔው ነኝ።

ትናንት ሕግ አወጣሁ፦ ከእኔ ጫካ እንጨት የሚወስድ አራት ችግኝ ይተክላል። ልጁ ትንሽ አሰበና ተደራደረ። እሱ ይተክላል፣ እኔ ደግሞ የቤተ መንግሥቱን ጣሪያ በጥድ ጣውላ አለብስለታለሁ። ጣሪያውን ሄጄ አየሁት። እግዚኦ፣ ስፋቱ! እስካሁን እሺ አላልኩትም።