ሮቦት ለካ ከቴአትር ነው የመጣው

ዛሬ ማታ የእህቴን ልጅ ሆምወርክ እያሰራሁት "ሮቦት የእንግሊዝኛ ቃል ነው አይደል?" ብሎ ጠየቀኝ፣ አዎ ልለው አልኩና እርግጠኛ ስላልሆንኩ አብረን ማየት ጀመርን። ለካ ከቴአትር ነው የመጣው! ካሬል ቻፔክ የሚባል የቼክ ደራሲ በፈረንጆቹ 1920 ባሳተመው ተውኔት ውስጥ ፋብሪካ የሚያመርታቸው ሰው ሰራሽ ሰራተኞች አሉ፣ መጀመሪያ "ላቦሪ" ሊላቸው አስቦ ስላልጣመው ሰዓሊ ወንድሙን ዮሴፍን ሲያማክረው እሱ ብሩሹን አፉ ውስጥ እንደያዘ "በቃ ሮቦት በላቸዋ" አለው። ከብረት የተሰሩ ደግሞ አይደሉም፣ ስጋ ለባሽ ነገር ናቸው።

እኔን የነካኝ ግን ትርጉሙ ነው። "ሮቦታ" በቼክኛ ገባር ለጌታው በግዴታ የሚሰራው ስራ ነው። የኛ አያቶች የጌታ ሁዳድ ሲያርሱ የነበረውን አስቡት፣ ያው ነው እኮ! ስንቴ ይሄን ቃል ጠርቼዋለሁ፣ ውስጡ የገበሬ ላብ እንዳለ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

ዩቶፒያ (ምንም የማይጎድልበት ምናባዊ አገር) የሚለው ቃልም እንደዛው ከመጽሐፍ ነው የወጣው፣ እንግሊዛዊው ደራሲ ቶማስ ሞር በፈረንጆቹ 1516 የፈጠራት ደሴት ስም ነች።

ልጁ ሆምወርኩን ትቶ "እሺ ሮቦቶቹ መጨረሻ ላይ ምን ሆኑ?" አለኝ። አመፁ አልኩት። "ጎበዞች!" ብሎ ተነሳ።