ወፍ ቆጥራ አትጮኽም

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህችን ሁለት ቃል ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰረዝኳት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአፌ ወጥታ አታውቅም ነበርና እጄም ረስቷታል።

ወንድሜ ከሞተ በኋላ ነው። ታሞ ሳለ ዘጠኝ ወር ጸለይን፣ ጾምን፣ ይነሣል ብለን አመንን። አልተነሣም። ሰው ሲጠይቀኝ "እግዚአብሔርን ትንሽ አኩርፌዋለሁ" እል ነበር። ውሸቴን ነው። ኩርፊያ አልነበረም፤ ጠልቼው ነበር። መጀመሪያ መዝሙር ሲጀመር ወጥቼ ደጅ እቆም ነበር። ቆይቼ መሄዱንም ተውኩት። እሁድ ጠዋት ሌላው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እኔ የወንድሜን ቦርሳ አንግቤ ተራራ መውጣት ያዝኩ። ሃይኪንግ የሚወደው እሱ ነበር። ማንገቻው ላይ ያሰራት ብርቱካናማ ፊሽካ እንኳ እንዳለች ነበረች።

እህቴ ግን አልለቀቀችኝም። (የዚህ ምስክርነት ግማሹ የእሷ ነው። እህት ዓለም፣ እግዜር ይስጥልኝ።) "የምትሄጂበትን መንገድና የምትመለሺበትን ሰዓት ሳትጽፊልኝ ከበር አትወጪም" አለች። እየተነጫነጭኩ እጽፍላት ነበር።

የዚያን ቀን የጻፍኩላት "14 ኪሎ ሜትር፣ 900 ሜትር ዳገት፣ 10 ሰዓት እመለሳለሁ" የሚል ነው። ሂሳቡን የሠራሁት በኔይስሚዝ ሕግ ነው። ዊልያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1892 እንደ ፈረንጆቹ ያወጣው ነው፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ዳገቱ ሌላ አንድ ሰዓት። ከአራት ሰዓት ብዙም አላለፈም። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ስነሳ ጊዜ ተርፎኝ ነበር። ሕጉ ግን ደህና መንገድ ላይ ነው የሚሠራው። ያ ዱካ ስንት ዘመን መጥረቢያ እንዳላየ እንጃ። ድንጋይ ላይ የተቀባው ምልክት ለቋል። ቁጥቋጦው እስከ ወገብ ይደርሳል። የወደቀ ዛፍ አልፌ ገና ሳልተነፍስ ሌላ የወደቀ ዛፍ።

ያጠፋኝ አንዱ ግንድ ነው። ከላዩ መሻገር አልተቻለም፣ በታች በኩል ዞርኩት። ከማዶ ጥርት ያለች ቀጭን መንገድ አገኘሁና ደስ ብሎኝ ቀጠልኩ። የእንስሳ መንገድ ኖሯል። የእንስሳ መንገድ የሰው መስሎ ይወስድህና ጥሻ ውስጥ ጥሎህ ያልቃል። ሲገባኝ ጉሙ ወርዷል። ትንሽ ሄድኩና ጭቃ ላይ የጫማ ዱካ አየሁ። ሰው አለ ብዬ ልጮህ ስል የራሴ ነው። ፀሐይ የማያይ ሰው ሳይታወቀው እንደሚዞር በ2009 እንደ ፈረንጆቹ የወጣ የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናት አሳይቷል። ያነበብኩት ግን ከዳንኩ በኋላ ነው፣ ምን ያደርጋል።

11 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሸንተረር ላይ ወጣሁ። ኔትወርክ ብልጭ አለ። ስልክ ብደውል እምቢ አለ። ጂፒኤስ ኔትወርክ አይፈልግምና ያለሁበትን ቁጥር አውጥቼ ለእህቴ ቴክስት አደረግኩ፦ "ጠፋሁ። እዚህ ነኝ።" ጥሪ በማያልፍበት አንዳንዴ ቴክስት ያልፋል። ስልኩ "በመላክ ላይ" እንዳለ ጠፋ። ብርድ ባትሪ ይበላል፤ እኔ ደግሞ ደረቴ ውስጥ አሙቄ እንደመያዝ ቀኑን ሙሉ የቦርሳው የውጭ ኪስ ውስጥ አንጠልጥዬዋለሁ።

ሩብ ሰዓት ጠበቅኩ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። የጠፋ ሰው ካለበት መነቃነቅ እንደሌለበት አውቃለሁ፣ ለሌላ ሰውም መክሬአለሁ። ግን ፈራሁ። ታች ጅረት ይሰማኛል፤ ውሃውን ተከትዬ እወርዳለሁ አልኩ። ጅረት ገደል ሲያጋጥመው ይዘላል እንጂ አይዞርም። እርጥብ ድንጋይ ረገጥኩ። ቀጥሎ የሰማሁት ከቁርጭምጭሚቴ የወጣውን ድምፅ ነው።

ከዚያ መሸ። ዝናቡም መጣ።

ከውሃው ጫጫታ ለመራቅ በክርኔ እየተሳብኩ ትንሽ ወጣሁ። ይህቺን ብቻ በደንብ አሰብኩ። የራሰውን የጥጥ ሸሚዜን አውልቄ ጃኬቱን በባዶ ገላዬ ለበስኩ። መሬት ሙቀት ይሰርቃል፤ ቦርሳውን ባዶ አድርጌ ተቀመጥኩበት። ከዛፍ ሥር ያገኘሁትን ደረቅ ቅጠል ጃኬቴ ውስጥ ጠቀጠቅኩ። ጥርሴ ይንገጫገጫል። መንቀጥቀጡ ደግ ነው፣ ሰውነት ገና እየታገለ ነው። ሳይሞቀኝ ከቆመ ነው የሚያስፈራው።

ሌሊቱን ሙሉ ጸለየች ብላችሁ እንዳታስቡ። ተሳደብኩ። "ወንድሜን ወሰድክ፣ አሁን ደግሞ እኔን በወንድሜ ቦርሳ ላይ?" አልኩት። ጮክ ብዬ ነው። እናቴ ብትሰማኝ አፌን በጥፊ ትለኝ ነበር። ጩኸቴ ሲያልቅ ሳልጠራው ኤልያስ መጣብኝ። ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ነፍሴን ውሰድ ያለው ኤልያስ። እሱንም አልተቆጣውም፣ አልኩ በልቤ። ከዚያ አለቀስኩ።

እንባዬን ስጠርግ ነው እጄ ፊሽካዋን የነካው።

ወንድሜ አስተምሮኛል፦ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ትነፊያለሽ፣ አንድ ደቂቃ ዝም ትያለሽ፣ እንደገና ስድስት። የሰማ ሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይመልሳል። ስድስት ነፋሁ። ዝም አልኩ። ምንም። ስድስት። ዝም። ምንም። መንፋቱ ቀላል ነው። ያቺ አንድ ደቂቃ ናት የምትገድለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስጮህበት፣ መልሱን ልስማ ብዬ አንድ ደቂቃ ዝም ብዬ አላውቅም ነበር።

በአንዱ ዝምታ ውስጥ እናቴ ስታስተኛን የምታዜመው መዝሙር መጣ። ግጥሙ ጠፍቶኛል፣ ዜማው ብቻ። ደቂቃውን በሱ መቁጠር ጀመርኩ። በሌላው ደግሞ "ጨለማ በአንተ ዘንድ አይጨልምም" አለኝ። ማን እንዳለኝ አላውቅም። ስድስት። ዝም። ከንፈሬ ደነዘዘ። አንዴ አራት ላይ ተሳሳትኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ማን እንደሚቆጣኝ እንጃ። ስንት ሰዓት እንደሄደ አላውቅም። መንቀጥቀጤ እየቀነሰ ነበር። ሙቀት ሙቀት አለኝ። እንቅልፌ መጣ። አንድ ዙር ብቻ ልንፋና ልተኛ አልኩ። "አለህ ወይ?" አልኩት። ስድብ የሌለበት የዚያን ሌሊት የመጀመሪያ ቃሌ ነው።

ስድስት ነፋሁ።

ዝም።

ፊው። ፊው። ፊው።

ጆሮዬን አላመንኩትም። እንደገና ነፋሁ። እንደገና ሦስት፣ አሁን ቀረብ ብሎ። ከዚያ መብራት፣ ከዚያ የሽማግሌ ድምፅ፦ "አለሁ ልጄ! እዚያው ሁኚ፣ አለሁ!"

የደን ጠባቂ ናቸው። አራት ጎልማሶች አብረዋቸው አሉ። የአምስታችሁንም ስም እዚህ ባልጽፍም በየቀኑ እጠራዋለሁ። ጫማዬን የፈታው፣ የራሱን ሹራብ አውልቆ ያለበሰኝ፣ በቃሬዛ ስትሸከሙኝ "አትተኚ፣ ተረት ልንገርሽ" ያልከው፣ ዘመናችሁ ይባረክ። አባባ በኋላ እንደነገሩኝ ሸንተረሩ ላይ ሲደርሱ ማንም አልነበረም። እስኪነጋ እንቆይ ተባለ። ከታች ቀጭን ድምፅ ሲሰማ አንዱ "ወፍ ነው" አለ። አባባ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸውና ጣታቸውን አጥፈው ቆጠሩ። "ወፍ ቆጥራ አትጮኽም" አሉ።

እግሬ አምስት ወር ፈጀ።

የወንድሜን ነገር እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም። አሁንም እጠይቀዋለሁ።

ስልኬን የከፈትኩት ሆስፒታል ነው፣ በማግስቱ፣ እህቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ አንቀላፍታ ሳለ። ትንሽ ቆየና ቴክስት ገባ። የእሷ ነው። "ደርሶኛል። ሰው እየመጣልሽ ነው። ካለሽበት አትነቃነቂ። የሚጠብቅሽም አይተኛም።" የተላከበትን ሰዓት አየሁ።

11፡38 ይላል። ገና ሸንተረሩ ላይ ነበርኩ።