ከማህፀን ቀዶ ሕክምና በኋላ ሆድን ማለስለስ

ከማህፀን መውረድ ቀዶ ሕክምና ለተነሳች ሴት ስለ አጥሚቱ፣ ስለ ገንፎው፣ ስለ ዕረፍቱና ብርድ እንዳይመታት ስለ መጠንቀቁ የሚመክራት ሰው ሞልቷል። ስለ ሰገራዋ ግን የሚጠይቃት የለም፤ እርሷም ስለምታፍር አታነሳውም። እኔ በጅማ የምኖር መምህርት ነኝ፤ የወረደው ማህፀኔ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ፣ የፊትና የኋላ የብልት ግድግዳዬ ተጠግኖ ዓመታት አልፈዋል፤ እስከ ዛሬም የሆድ ማለስለሻ መድኃኒት እወስዳለሁ። ይህን የምጽፈውም ከተመሳሳይ ሕክምና በኋላ በየቤቷ በዝምታ ለምትቸገር እህቴ ነው።

ከእንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሆድ የሚደርቅበት ምክንያት ብዙ ነው። ሰመመኑ የአንጀትን እንቅስቃሴ ለጊዜው ያዳክመዋል፤ እንደ ትራማዶልና ኮዴይን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ይበልጥ ያዘገዩታል፤ ለደም ማነስ የሚታዘዘው የብረት ክኒን ሰገራን ያደርቃል፣ መልኩንም ያጠቁረዋል። ከሁሉ በላይ ግን ፍርሃቱ አለ። ስፌቴ ይበጠሳል ብላ የምትሰጋ ሴት ስሜቱ ሲመጣ ትይዘዋለች፤ ሰገራ በትልቁ አንጀት ውስጥ በቆየ ቁጥር ደግሞ ውኃው እየተመጠጠ ይጠነክራል፣ የጠነከረውን ለማስወጣትም ማማጥ ግድ ይሆናል። ማማጥ የተጠገነውን ቦታ ወደ ታች የሚገፋ ኃይል ስለሆነ፣ ሐኪሞች ከባድ ዕቃ እንዳናነሳ የሚከለክሉበትና እንዳናምጥ የሚያስጠነቅቁበት ምክንያት አንድ ነው። ሃያ ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን እንዳታነሳ ቤተሰቡ ሁሉ የሚጠብቃት ሴት ሽንት ቤት ውስጥ ብቻዋን ስታምጥ የሚያያት የለም፤ የእኔ ጭንቀትም ይኸው ነው።

አማቴ ላክቱሎስ የተባለውን ሽሮፕ በየማታው ስወስድ ሲያዩ አዝነው፣ «ልጄ፣ የዕለት ዕለት መድኃኒት አንጀትን ያሰንፋል፤ አንዴ ደህና አድርጎ የሚጠርግ ነገር ጠጪና ይገላግልሽ» አሉኝ። የተናገሩት በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ኮሶ በየሁለት ወሩ እየተጠጣ ሆድ ሲታጠብ ባዩበት ዘመን ያደጉ ሰው ናቸው፤ ኮሶ ግን ለኮሶ ትል የሚወሰድ እንጂ የሆድ ድርቀት መድኃኒት አይደለም። በአንድ ቀን ሆድን አራግፎ ሳምንቱን ሙሉ ደረቅ መሆን ለተጠገነ አካል አይጠቅመውም፤ የሚጠቅመው በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ያለ ማማጥ የሚወጣ ለስላሳ ሰገራ ነው። በቀን ሦስት ጊዜም ሆነ በሳምንት ሦስት ጊዜ መቀመጥ ጤናማ ሊሆን ስለሚችል፣ ከቁጥሩ ይልቅ መታየት ያለበት የሰገራው ልስላሴ ነው። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ የተዘጋጀውና ሰገራን በሰባት ዓይነት የሚከፍለው ሰንጠረዥ፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን፣ ማለትም ተያይዞ የሚወጣውን ቅርጽ ያለውንና ለስላሳውን፣ ጥሩ ይለዋል፤ እንደ ፍየል በጠጥ የተቆራረጠው አንደኛው ዓይነት የድርቀት ምልክት ነው።

መድኃኒቶቹም አሠራራቸው ይለያያል። ላክቱሎስ ወደ ደም ሳይገባ አንጀት ውስጥ ቀርቶ ውኃን ወደ ራሱ ስለሚስብ ሰገራውን ያርሰዋል፤ ውጤቱ እስኪታይ አንድ ወይም ሁለት ቀን ስለሚፈጅ፣ ዛሬ ጠጥቶ ነገ «አልሠራልኝም» ብሎ መጠኑን በእጥፍ መጨመር ተገቢ አይደለም። ለአዋቂ ሰው ለረጅም ጊዜ ሲታዘዝ ብዙውን ጊዜ በቀን ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ነው። መጀመሪያ ላይ ሆድን ይነፋል፣ ጋዝም ያበዛል፤ ይህ በአብዛኛው እያደር ይቀንሳል። ማግኒዥያ የሚባለው ነጭ ፈሳሽም ውኃ የሚስብ ነው፤ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር ሊወስደው አይገባም። ቢሳኮዲልና ሰናመኪ ከዚህ ይለያሉ፤ የአንጀትን ጡንቻ ቀስቅሰው የሚያንቀሳቅሱ ናቸው። የቢሳኮዲል ክኒን ከ6 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ ስለሚሠራ ማታ ይወሰዳል፤ ሽፋኑ ጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ ሳይታኘክ፣ ከወተትም ጋር ሳይሆን መዋጥ አለበት።

«አንጀትን ያሰንፋል» የሚለው ስጋት በተለይ ስለ ቢሳኮዲልና ሰናመኪ ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረ ነው። በታዘዘው መጠን ሲወሰዱ የአንጀትን ነርቭ እንደሚያበላሹ የሚያሳምን ማስረጃ አልተገኘም። ሰናመኪን ለረጅም ጊዜ በሚወስዱ ሰዎች ላይ የትልቁ አንጀት ውስጠኛ ገጽ ሊጠቁር ይችላል፤ ይህ መድኃኒቱ ሲቆም እየለቀቀ የሚሄድ የቀለም ለውጥ ነው። እውነተኛው ጉዳት የሚመጣው ከመጠን በላይ ሲወሰድ ነው፤ ተደጋጋሚ ተቅማጥ ውኃንና ፖታሲየምን ከሰውነት ያሟጥጣል፣ የፖታሲየም ማነስም ድካም ያስከትላል፣ የልብ ምትንም ያዛባል። ስለዚህ ለደም ግፊት በየቀኑ ክኒን መዋጥ እንደማያሳፍር ሁሉ፣ ሐኪም የሚከታተለውን ማለስለሻ ለዓመታት መውሰድም የሚያሳፍር ነገር የለውም። መቀነስ የሚሻ ሰው ሰገራው ለሳምንታት ለስላሳ ሆኖ ሲዘልቅ በጥቂት በጥቂቱ ይቀንስ፤ በአንድ ጊዜ ማቆም ግን ወደ ማማጡ ይመልሳል።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም፤ ጎመኑ፣ ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ቆሎው፣ በወቅቱ ጅማን የሚሞላው አቮካዶና ፓፓያ ሁሉ ይረዳል። ተልባም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የሚያብጥ ነገር ስለሆነ በቂ ውኃ ያልጠጣ ሰው ላይ ድርቀቱን ሊያባብሰው ይችላል። በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም ቀኑን ሙሉ ውኃ የማይጠጣ ሰው ችግሩ ሊበረታበት ስለሚችል፣ ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ወይም ከቅዳሴ በኋላ ባለው ጊዜ ውኃውን ማካካስ ይኖርበታል፤ ቁስሉ ገና ያልጠገገ ሰው ደግሞ ስለ ጾሙ ከሐኪሙም ከሃይማኖት አባቱም ጋር ቢነጋገር ይሻላል።

የአቀማመጡ ነገር ግን ከሚታሰበው በላይ ዋጋ አለው። ቁጢጥ ስንል የፊንጢጣው መታጠፊያ ቀጥ ስለሚል ሰገራው በቀላሉ ይወርዳል፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ግን ቁጢጥ ማለት ስለሚያም ብዙዎቻችን መቀመጫ ያለውን ሽንት ቤት እንመርጣለን፣ በእርሱ ላይ ደግሞ ጉልበት ዝቅ ይላል። መፍትሔውን ያገኘሁት ከከተማችን ሙያ ነው። በጅማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራውን፣ ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ሁሉም ያውቀዋል፤ ዝቅተኛውን ገዝቼ ሽንት ቤት አስቀመጥኩት፣ እግሮቼን እርሱ ላይ ሳሳርፍ ጉልበቶቼ ከዳሌዬ ከፍ ይላሉ። ክርኖቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ወደ ፊት ዘንበል እላለሁ፣ ትንፋሼን ሳልይዝ በአፌ ቀስ እያልኩ አወጣለሁ፣ ሆዴንም አላላዋለሁ። ከአሥር ደቂቃ በላይ አልቀመጥም። ጊዜውም ከቁርስና ከቡና በኋላ ነው፤ ምግብ ጨጓራ ሲገባ ትልቁ አንጀት በተፈጥሮው ይንቀሳቀሳል፣ ቡናም ያንን ያበረታዋል። ክፍለ ጊዜ ላይ ያለች መምህርትም ሆነች መርካቶ ውስጥ ቁጭ ብላ የምትውል ነጋዴ ንጹሕ ሽንት ቤት በማጣት ስሜቱን ቀኑን ሙሉ ይዛ ስለምትውል፣ የጠዋቱን ጊዜ ለራሷ ማስከበር ይኖርባታል።

ሰገራው ለስልሶም አልወጣ ካለ ማለስለሻውን መጨመር መልስ ላይሆን ይችላል። ፊኛን፣ ብልትንና ፊንጢጣን ከታች ደግፈው የሚይዙት የዳሌ ወለል ጡንቻዎች መላላት ሲገባቸው የሚኮማተሩባቸው ሴቶች አሉ፤ እነርሱን የሚረዳቸው ጡንቻውን ማላላት የሚያስተምር ፊዚዮቴራፒስት ነው። ሰገራው እንዲወጣ በጣቷ መደገፍ ያስፈለጋት ሴትም ለሐኪሟ ሳታፍር ትንገረው፤ የኋላው የብልት ግድግዳ እንደገና መላላቱን ሊያመለክት ይችላል። ደም ከታየ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ ወይም ከረጅም ድርቀት በኋላ ቀጭን ተቅማጥ ያለ ፈቃድ መፍሰስ ከጀመረ መመርመር ያስፈልጋል። ሆድ ተነፍቶ፣ እያስመለሰ፣ ጋዝም ሰገራም ካቆመ ግን አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ማለስለሻ ሳይወሰድ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይገባል። ለመደበኛው ቀጠሮ ደግሞ የምትወስጂውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ፤ የብረት ክኒኑ፣ ለነርቭ ሕመም ወይም ለእንቅልፍ የታዘዘው አሚትሪፕቲሊን፣ ያልተቋረጠው ትራማዶል ሆድሽን እያደረቀው እንደሆነ ሐኪሙ የሚያውቀው እነርሱን ሲያይ ነው።