ጎንደር ለምን ተመረጠች?

ዛሬ ማስታወሻ አልጻፍኩም። ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ አስቀመጥኩ፦ አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ለመዲናነት ለምን መረጡ?

ተማሪዎቹ መጀመሪያ ዝም አሉ። መልሱን ከእኔ እየጠበቁ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ያዝኩት። በአራት በአራት ሆነው ተወያዩ።

«አንገረብና ቀሃ ወንዞች ስላሉ» አለ አንዱ ቡድን።

«ውሃማ ጣና ዳርም አለ!» አለ ሌላው።

ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ ተነሳች። ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም። «ቲቸር፣ እዚያ ወባ አለ። አያቴ እዚያው ጣና ዳር፣ ደንቢያ ናቸው፤ ክረምት ሲወጣ ሁሌ ያማቸዋል።»

እንባዬ መጣ። ይህን ሁሉ ጊዜ በእኔ ገለጻ ዝም አሰኝቻት ነበር ማለት ነው።

ወዲያው አንዱ፦ «የፋሲል አባት የአፄ ሱስንዮስ መዲና ደንቀዝስ ደጋ አይደለም? ለምን ተዉት?»

ደወል ተደወለ። ጥያቄውን ከሰሌዳው አላጠፋሁትም። ነገ እንቀጥላለን።