ከደለሉ ውስጥ የወጣው ድንች

ጳጉሜ 3 ቀን 2012 ዓ.ም.

ዛሬ ሩፋኤል ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣል ሲጀምር የግቢው ልጆች ልብሳቸውን እየጣሉ፣ «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያሉ ወጡ። ልጅ ሳለሁ ይህን ዝናብ ዓመቱን ሙሉ እጠብቀው ነበር፤ ዛሬ ግን በሩ ላይ ቆሜ ቶሎ እንዲያባራ እለምን ነበር። ሆዴ የባባው ከቅዳሜ ወዲህ ነው።

ጎርፍ ወደ መታው ወደ ፎገራ ሜዳ መሄዳችንን የሰማችሁ ሰምታችኋል። አሥራ ስምንት ሆነን፣ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ ዱቄት፣ ሳሙናና ብርድ ልብስ በሦስት ሚኒባስ ጭነን በማለዳ ከባሕር ዳር ወጣን። ስንደርስ ውኃው ከቤቶቹ ጎድሎ ነበር፤ ሩዙ ግን በየማሳው ጫፉን ብቻ አሳይቶ ተኝቷል። ጣና በክረምቱ ማብቂያ ራሱ ሞልቶ ስለሚቆይ ወንዞቹ የሚያመጡለትን ውኃ ቶሎ አይቀበልም፤ የርብ ወንዝ ወለልም ከዓመት ዓመት በደለል እየተሞላ ከፍ ስላለ፣ ውኃው መሄጃ ሲያጣ ሰብሮ ወደ ሰው ደጅ ይወጣል። ይህን ከመሄዴ በፊትም አውቀው ነበር፤ እውቀቴ ግን ከወረቀት የተገኘ ነበር።

ለእኔና ለሦስት ጓደኞቼ የደረሰን ሥራ የአንድ አባወራን ቤት ከደለል ማጽዳት ነው። ደለሉ መደቡን ውጧል፣ ጉልቻውን ቀብሯል፤ ጎታውንም ከሥሩ አርሶ ንዶታል። ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ አካፋ ሲገባበት ግን ውስጡ እንደ ሊጥ ይሳባል። የፎገራ መሬት ጥቁር ዋልካ ነው፤ ከቤቱ በባሬላ የምናወጣው ግን ቀላ ያለ አፈር ነበር። እኩለ ቀን ሲቃረብ ከአካፋዬ ላይ አንድ ድቡልቡል ነገር አየሁ። ድንጋይ መስሎኝ በአውራ ጣቴ ስጠርገው ልጣጩ ተገፈፈ። ከዶሮ ዕንቁላል የማይበልጥ፣ ከጠጠር ጋር እየተላተመ የመጣ፣ አንድ ጎኑ የተላጠ ድንች ነበር።

አባወራው ከእጄ ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «ይኼ የኛ አይደለም፤ ከላይ ነው የመጣው፤ ከፋርጣ ነው» አሉና በእጃቸው ወደ ምሥራቅ አመለከቱ። የፋርጣ ልጅ መሆኔን አያውቁም ነበር። እኔም አልነገርኋቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅጡ አላስታውሰውም፤ አካፋው እጄ ላይ ነበረ፣ ልቤ ግን የለም። ርብም ጉማራም ከጉና ተራራ የሚነሡ ወንዞች ናቸው። ጉና ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ ሜዳው ደግሞ 1800 ገደማ። በዚህ ሁሉ ቁልቁለት ላይ የምናርሰው እኛ ነን። የአባቴ ማሳ ከዳገቱ ወገብ ላይ ነው፤ አንድ ዓመት ገብስ፣ አንድ ዓመት ድንች ይዘራበታል። ክረምቱ አልፎ ማሳው ላይ ከዚያ በፊት ያላየውን ድንጋይ ሲያገኝ፣ አባዬ «መሬቱ ድንጋይ ወለደ» ይል ነበር። እኔም ብዙ ዘመን አምኜው ኖሬአለሁ። ለካ የተወለደ ድንጋይ የለም፤ ከላዩ የነበረው አፈር ነው የሄደው።

አንድ ዓመት ጥር ላይ የቀበሌው ሕዝብ በዘመቻ ወጥቶ ማሳችን ላይ ሦስት እርከን ሠራ። ሁለት ክረምት ቆየ። አይጥ ተራባበት፣ በሬ ለመመለስም አላመች አለ፤ አባዬ መካከለኛውን ለማፍረስ ሲቆርጥ ድንጋዩን እየተሸከምሁ ከማሳው ዳር የከመርሁት እኔ ነኝ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አባቴን አልወቅሰውም፤ ሦስት ጥማድ መሬት ይዞ ስድስት ልጅ ለሚያሳድግ ሰው፣ እርከኑ የሚይዘው ያ ጠባብ መሬት የአንድ ጆንያ ገብስ ቦታ ነው። በዚያው ዓመት ጎረቤቶቻችንም አፍርሰዋል። አንድ እርከን ርብን አያስቆመውም፣ አንድ ማሳም ርብን አይሞላውም፤ ይህን ከቅዳሜ ጀምሮ ለራሴ ስደጋግመው ሰንብቻለሁ። ነገር ግን ዳገቱ ላይ ያለን ሁላችንም ይህንኑ ብንል፣ ያ ቤት ውስጥ የገባው አፈር የማን ነው?

ሲመሽ ጓደኞቼ የመጨረሻውን ባሬላ ወደ ወንዙ ሊደፉት ሲሉ አባወራው ከለከሏቸው። «ወደ ጓሮ አድርጉልኝ፤ ሩዝ ይወደዋል» አሉ። ሩዝ ወደዚያ አገር የገባው በ1970ዎቹ ነው፤ እሳቸው ልጅ ሳሉ ሜዳው የከብት ነበር። ከላይ የሚወርደው አፈር ባይኖር ይህ ሜዳ እንዲህ ያለ ሜዳ እንደማይሆን ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ጎታቸውን የናደባቸውን አፈር በአካፋ ጀርባ ለጓሯቸው ሲደለድሉት ቆሜ አየሁ፤ ያን ጊዜ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። ሚኒባሱ ጡሩምባ ነፋና ተሰነባበትን። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» ብለው ሁለት እጄን ያዙኝ። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ከብዶኛል።

እሑድ ለአባዬ ደወልሁ። የፎገራ ሰዎች እንዴት እንደ ሰነበቱ ጠየቀኝ፤ አዘነላቸውም። የዘንድሮው ድንች ደህና መሆኑን፣ ከታችኛው ጥግ ግን ጎርፍ ትንሽ እንደ ወሰደበት ነገረኝ። ድንቹ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ስለ እሱ ምንም አላልሁም። ያ ከማሳው ዳር የከመርሁት ድንጋይ አሁንም ይኖር እንደሆነ ብቻ ጠየቅሁት።

«የት ይሄዳል፤ እዚያው ነው» አለኝ። «ምን ልታደርገው ነው?»